ጦስኝ፦ መዓዛው ሳይጠፋ እንዴት ይገዛል፣ ይደርቃል፣ ይፈላል?

ጎንደር ውስጥ ጦስኝ ያለበት ቤት ሞልቷል፤ የሚያውድ ጦስኝ ያለበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ከገበያ ጥሩ ቅጠል ይዞ ይገባና በሁለት ሳምንት ውስጥ ገለባ ያደርገዋል። ከዚያም «ለሳሌ ምንም አልሠራልኝም» ብሎ ቅጠሉን ይወቅሳል።

የጦስኝ ጉልበት ያለው በዘይቱ ነው። ዘይቱ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ጀርም የሚያዳክሙትም፣ ያን የሚያውድ ሽታ የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። ይህ ዘይት ደግሞ በቀላሉ ይተናል። ፀሐይ ያተነዋል፣ እሳት ያተነዋል፣ ክዳኑ ያልገጠመ ዕቃ ያተነዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ዘይቱ ሳያመልጥ ስኒው ድረስ እንዲደርስ ለማድረግ ነው።

ሳትጀምሩ ይህን አንብቡ

ጦስኝ ለጉንፋን፣ ለደረቅ ሳል፣ ለሆድ መነፋትና ለጉሮሮ ሕመም ሲጠጣ የኖረ ቅጠል ነው። ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ በሽሮ ወይም በበርበሬ ውስጥ ያለው ቁንጥር አያሰጋችሁም፤ ወፍራም የጦስኝ ሻይ በየቀኑ መጠጣት ግን ይቅርባችሁ።

የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ኪኒናችሁን በጦስኝ አትተኩ። «ግፊት ያወርዳል» ተብሎ በሰፊው ይጠጣል፤ በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ተስፋ ሰጪ ነገር አሳይተዋል። አይጥና ሰው ግን ለየቅል ናቸው። ኪኒኑን ትቶ ጦስኝ ሲጠጣ የከረመ ዘመድ አለኝ፤ ስህተቱን የተረዳው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አዘውትሮ አይጠጣ። ለደም ማነስ አይረን (የብረት ኪኒን) የሚወስድም ሻዩንና ኪኒኑን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቅ፤ የቅጠል ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። በሶብላ ወይም ናና የሚያሳክከው ሰውም ይጠንቀቅ፤ ጦስኝ የእነርሱ ዘመድ ነው።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ አክታው ደም ካለበት ወይም ሌሊት ሌሊት የሚያልብ ከሆነ ማንቆርቆሪያውን ተዉትና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃንም እንዲሁ ለነገ አይባልም። ከመተማ ወይም ከቋራ ቆላ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው መጀመሪያ የወባ ምርመራ፣ ሻዩ ከዚያ በኋላ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሰፌድ፣ ንጹሕ የአቡጀዲ ጨርቅ ወይም ሰሌን፣ ክር፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የጠርሙስ ዕቃ (የማር ወይም የማርማላታ ዕቃ ይበቃል)፣ ማንቆርቆሪያ፣ ማጥለያ። ሌላ ምንም አትግዙ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ለይቶ መግዛት

ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለውን ነው የምታገኙት።

1. ግንዱን ተመልከቱ። ቀጭን፣ ከሥሩ እንጨት የሆነ፣ ወደ ጫፉ ለስላሳ ነው። ለጋውን ጫፍ በጣታችሁ ብታንከባልሉት ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን እንዳለው ይሰማችኋል።

2. ቅጠሉን ተመልከቱ። ትንሽ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል። አበባው ጫፍ ላይ የተሰበሰበ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው።

3. ጥቂት ቅጠል በመዳፋችሁ አሹና አሽቱ። አፍንጫ የሚነቀንቅ፣ ጉሮሮ ድረስ የሚወርድ ሽታ ካልመጣ አትግዙ።

4. እጃችሁን ከጆንያው ሥር አስገብታችሁ ከታች ያለውን አውጡ። ከላይ የተደረገው ሁልጊዜ ጥሩው ነው። የታችኛው ከሞቀ ወይም ከረጠበ ሻጋታ ጀምሮታል ማለት ነው።

ሦስተኛውን ያስተማሩኝ ከዳባት መጥተው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። አረንጓዴነቱን አይቼ አንዱን እስር ሳነሳ እጄን ያዙኝና፣ «ልጄ፣ ዓይንህን ተወው፤ ይህን በአፍንጫህ ግዛ» አሉኝ። ከዚያ ከጎኑ የነበረውን፣ ቡናማ ቡናማ የሚለውን እስር አሽተው አፍንጫዬ ሥር አደረጉት። አስነጠሰኝ። ያንኑ ገዛሁ።

ስህተት ቢፈጠር፦ ቤት ገብታችሁ ስትፈቱት ሌላ ቅጠል ወይም ሣር ከተቀላቀለበት አንድ በአንድ ልቀሙት። የማታውቁት ቅጠል ከበዛበት ግን ሙሉውን ጣሉት፤ የማይታወቅ ቅጠል ለመድኃኒት አይፈላም።

ደረጃ 2፦ ራሳችሁ የምትቆርጡ ከሆነ

ይህ የሚመለከተው ደባርቅና ዳባት አካባቢ ያላችሁትን ነው፤ የከተማ ሰው ወደ ደረጃ 3 ይለፍ። አገራችን የምታበቅላቸው ሁለቱ የጦስኝ ዝርያዎች፣ ታይመስ ሺምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ሀብት ናቸው። ከዚህ ከጠፉ ከሌላ አገር አይመጡም።

መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ አትቁረጡ፤ ክልክል ነው። ከራሳችሁ ማሳ ዳር ወይም ከተፈቀደ የወል መሬት ቁረጡ።

ማበብ ሲጀምር፣ አበባው ገና ግማሹ ሳይፈነዳ ቁረጡ። ዘይቱ የሚበዛው ያኔ ነው። ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይሁን። በጤዛ የተቆረጠ ይሻግታል፤ በቀትር የተቆረጠ ደግሞ ዘይቱን ሜዳ ላይ ትቶ ይመጣል።

በማጭድ ወይም በመቀስ ከለጋው ክፍል ብቻ ቁረጡ፤ ከአንዱ ቁጥቋጦ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትውሰዱ። እንጨት የሆነውን ክፍል ከቆረጣችሁት መልሶ ማቆጥቆጥ ይከብደዋል። መንቀልማ ጨርሶ አይነሳ። መሬቱ ለስላሳ ሲሆን ሲጎትቱት ከነሥሩ ይመጣል፤ በዚህ ዓይነት አለቃቀም የጠፋበትን ገደል አይቻለሁ። በግራ እጃችሁ ሥሩን ያዙ፣ በቀኛችሁ ቁረጡ።

ደረጃ 3፦ መልቀምና ማጠብ

1. ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ድንጋይ፣ ሣርና የጠቆረ ቅጠል ልቀሙ።

2. እስሩን ከራሱ ይዛችሁ ቁልቁል ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፉ። አብዛኛው አፈር በዚህ ይወጣል።

3. አሁንም አፈር ካለበት ብቻ እጠቡት፤ ገበያ መሬት ላይ የዋለ ከሆነ ግን አፈሩ ባይታይም እጠቡት። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነከር፣ አወጣ፣ ነከር፣ አወጣ። አትዘፍዝፉ። በሙቅ ውሃም አትጠቡ።

4. ውሃውን አራግፉና ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ በፊት አትሰሩት።

ደረቅ ሆኖ የተገዛ ጦስኝ ፈጽሞ አይታጠብም። አበጥሩት፣ በወንፊት ንፉት፣ በቃ።

ደረጃ 4፦ ማድረቅ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ወድቄያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አዘዞ በነበርኩበት ቤት ሁለት ትልልቅ እስር ገዝቼ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዘረጋሁት። በአንድ ቀን ደረቀ። ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ላወርደው ስወጣ ሰፈሩ በሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ይላል፤ እጄ ላይ ያለው ቅጠል ግን እንደ ጭድ ሆኗል። ሽታው ሰፈሩን ካጠነ ቅጠሉ ላይ ምን ይቀራል?

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው።

1. አሥራ አምስት ሃያ ቅርንጫፍ ያህል እየለያችሁ ትናንሽ እስር አድርጉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው የሚይዙት ያህል ይበቃል። ወፍራም እስር መሐሉ ይሻግታል።

2. በክር ከግንዱ አስራችሁ ቁልቁል ስቀሉት። ጥላ፣ ነፋስ የሚገባበት፣ የማድቤት ጭስ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ጎተራ፣ በረንዳ፣ መስኮቱ የተከፈተ ዕቃ ቤት ሁሉ ይሆናል። ጭስ ካገኘው ሻያችሁ ጭስ ጭስ ይላል።

3. መስቀያ ከሌላችሁ ሰሌን ወይም አቡጀዲ ላይ በስሱ ዘርጉት። ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ አትከምሩ። ጠዋትና ማታ አገላብጡት። ላስቲክና ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ አታድርጉ፤ ከሥሩ ያልበዋል።

4. በበጋ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጠብቁ። በክረምት አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

5. መድረቁን በግንዱ ፈትኑ። ቀጭኑን ግንድ እጠፉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጣጠፈ ቅጠሉ ቢንኮሻኮሽም ገና ነው።

ስህተት ቢፈጠር፦ ክረምት ሆኖ አልደርቅ ካለ ምጣድ ላይ አታሙቁት። እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ምጣዱ እጅ ሲያስችል፣ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በላዩ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። መዳፋችሁን ምጣዱ ላይ አድርጋችሁ እስከ አሥር መቁጠር ካልቻላችሁ ሙቀቱ በዝቷል። ነጭ ወይም ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር ያወጣ እስር ካያችሁ ደግሞ ያንን እስር ሙሉውን ጣሉ። የሻገተውን ቀንጥሶ የቀረውን ማፍላት አደገኛ ነው፤ የሻጋታ መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

ደረጃ 5፦ ማርገፍና ማስቀመጥ

ግንዱን ከጫፉ በአንድ እጅ ያዙ፤ በሌላው እጅ ሁለት ጣቶች ከጫፍ ወደ ሥር ሰብ አድርጉት። ቅጠሉና አበባው አብሮ ይረግፋል። አበባውን አትለዩት፤ እርሱም ዘይት አለበት።

አትፍጩት። አትውቀጡትም። የተፈጨ ጦስኝ ዘይቱ ለአየር ስለሚጋለጥ ሽታው ቶሎ ይሄዳል። ገበያ ላይ ዱቄት ሆኖ የሚሸጠውንም አልመክርም፤ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይታወቅም። ለሽሮ ወይም ለበርበሬ ስትፈልጉት በዚያው ቀን የሚበቃውን ያህል ውቀጡ።

ጠርሙሱን አጥባችሁ ፍጹም አድርቁ፤ ሙሉት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡት። መስኮት ላይ ማስቀመጥ ለዓይን ያምራል፤ ቅጠሉን ግን ያነጣዋል። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠርሙሱን አውጡና ወደ ብርሃን አንሡት። ከውስጥ በኩል መስተዋቱ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ወይም ጤዛ ካያችሁ ቅጠሉ አልደረቀም ነበር። ወዲያው ገልብጣችሁ ሁለት ተጨማሪ ቀን ጥላ ላይ ዘርጉት፣ ጠርሙሱን አድርቃችሁ መልሱ። ይህችን ፍተሻ የዘለላት ሰው ከወር በኋላ ጠርሙሱን ሲከፍት የሚያገኘው ሻጋታ ነው።

በደንብ የተያዘ ጦስኝ አንድ ዓመት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ባይበላሽም ሽታው ይዳከማል።

ደረጃ 6፦ ማፍላት

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ቅጠሉን ከውሃው ጋር ጥዶ ማንተክተክ ነው። ቤቱ ያውዳል፣ ሁሉም ሰው «እሰይ» ይላል፣ ዘይቱ ግን በእንፋሎት ሄዷል።

1. ለአንድ ሰው 1 ብርጭቆ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻውን ጣዱ።

2. ውሃው ፈንዳ ፈንዳ ብሎ ሲፈላ ከእሳት አውርዱት።

3. 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። ይህ ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። እርጥብ ከሆነ ሦስት እጥፍ አድርጉት።

4. ወዲያው ክደኑት። የማንቆርቆሪያው አፍ ክፍት ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ወትፉት።

5. 10 ደቂቃ ጠብቁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። አምስት ደቂቃ የሚለው የውጭ አገር ፓኬት መመሪያ እኛ ጋ አይበቃም።

6. ክዳኑን ስትከፍቱ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡና በክዳኑ ሥር ያንጠለጠለውን ጠብታ መልሳችሁ ሻዩ ውስጥ አንጠባጥቡት። ያ ጠብታ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ተኖ የተያዘው ዘይት አለበት። ብዙ ሰው መሬት ላይ ያራግፈዋል።

7. አጥልሉና ጠጡ። ማር የምትጨምሩ ከሆነ ለብ ሲል ጨምሩ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጠብታም ቢሆን አይሰጥ፤ ጦስኙንም ሐኪም ሳይጠየቅ አትስጡት።

ለጉንፋንና ለሳል በቀን ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ይበቃል። ከሳምንት በላይ በተከታታይ አትጠጡ፤ በሳምንት ውስጥ ያልተሻለው ሰው የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጦስኝ ሳይሆን ምርመራ ነው።

ስህተት ቢፈጠር፦ ሻዩ ከመረረ ቅጠሉ በዝቷል ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቷል፤ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ አቅጥኑት፣ ስኳር አትከምሩበት። ጣዕም ካጣ ቅጠሉ አርጅቷል፤ እጥፍ አድርጋችሁ ለማካካስ አትሞክሩ፣ ዘይት የሌለው ቅጠል ቢበዛ የሚጨምረው ምሬት ነው። ከብርጭቆው ሥር አሸዋ ካገኛችሁ ደረጃ 3ን ዘላችኋል። ጠጥታችሁ ሰውነታችሁን ካሳከከ ወይም ከንፈራችሁ ካበጠ አቁሙ፤ መተንፈስ ካስቸገረ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ደረጃ 7፦ ሳይጠጡ መጠቀም

ለጉሮሮ፦ ቅጠሉን ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርጋችሁ ከላይ ባለው መንገድ አዘጋጁ፤ ለብ ሲል ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ በቀን ሦስት ጊዜ ተጉመጥመጡና ትፉት።

ለተዘጋ አፍንጫ፦ አንድ እፍኝ ጦስኝ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና የፈላ ውሃ ጨምሩበት። ሳህኑ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይሁን እንጂ ጭን ላይ በፍጹም አይሁን። ሁለት ደቂቃ ይብረድ። ከዚያ ፎጣ ተከናንባችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ፊታችሁን ቢያንስ ሁለት ስንዝር አርቃችሁ ለአምስት ደቂቃ ታጠኑ። ልጆችን በዚህ መንገድ አታጥኑ፤ ሳህኑ ይገለበጥና ያቃጥላቸዋል። አስም ያለበት ሰውም ይተወው፤ እንፋሎቱ ሊያስነሣበት ይችላል።

በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን የጦስኝ ዘይት አትጠጡ። ተጣርቶ የወጣ ዘይት እንደ ቅጠሉ አይደለም፤ ጥቂት ጠብታው እንኳ አፍና ጨጓራ ያቃጥላል።

በቤት ጣሳ ላይ መትከል

ጎንደር ለጦስኝ ትንሽ ዝቅ ያለች ቦታ ስለሆነች እንደ ደባርቅ አይንዠረገግም፤ ለአንድ ቤት ሻይ ግን ይበቃል። ካላበበ ለጋ ቅርንጫፍ አንድ ጣት ርዝመት ቁረጡ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አርግፉ፣ አንድ እጅ አፈርና አንድ እጅ አሸዋ በተቀላቀለበት፣ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ትከሉ። ሥር እስኪይዝ ሦስት አራት ሳምንት ጥላ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ ፀሐይ ይፈልጋል። ውሃ የምታጠጡት አፈሩ አንድ የጣት አንጓ ያህል ሲደርቅ ብቻ ነው። በክረምት ጣሳውን ከዝናብ አግቡት። የእኔ ሦስት ችግኞች የሞቱት በየማለዳው ሳጠጣቸው ነው።

ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የሚቀረውን ቀጭን እንጨት አትጣሉት። ቡና ሲፈላ ሁለት ሦስቱን ፍም ላይ ጣል አድርጉ፤ ቤቱን ያውደዋል። የሚያስለው ሰው ካለ ግን መጀመሪያ ከክፍሉ ይውጣ።